ጥያቄ፦ አንድ ሜዳ፣ ሁለት ሪፖርት፤ የወደቡ አሸዋ ይፈሳል ወይስ አይፈስም?

ጨው_በአሸዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የስትራክቸር መሐንዲስ ነኝ። ስለ አፈር የማውቀው ተማሪ ሳለሁ ያጠናሁትን ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ተሸርሽሯል። አሁን የያዝኩት ሥራ የወደብ ማስፋፊያ ነው። ባሕር ተሞልቶ የተገኘ መሬት ላይ የኮንቴይነር ሜዳ አለ። ከሜዳው ፊት የመርከብ መቆሚያ ግንብ አለ፤ ትልልቅ የኮንክሪት ሳጥኖች ጎን ለጎን ተደርድረው የተሠራ ነው። የክሬኑ የባሕር ወገን ሐዲድ ግንቡ ላይ፣ የየብስ ወገን ሐዲዱ ደግሞ ፓይል (መሬት ውስጥ የተተከለ ረጅም ምሰሶ) ላይ ተቀምጧል። መሬቱ ከላይ 5 ሜትር ያህል ጠጠር የበዛበት ሙሌት ነው። ከዚያ እስከ 13 ሜትር ልል አሸዋ፤ አልፎ አልፎ ደለል ጣልቃ ይገባበታል። ከዚያ በታች ጠንካራ ሸክላ።

የመጀመሪያው የአፈር ምርመራ በኤስፒቲ (መሬቱን በመዶሻ እየመቱ ምቱን በመቁጠር) የተሠራ ነው። ለዲዛይን የተያዘው የመሬት መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.5፣ የመሬቱ ከፍተኛ ንዝረት 0.25 ጂ (የመሬት ስበት ሩብ) ነው። 6 ሜትር ላይ ኤን (የምቱ ቁጥር) 15 ተቆጥሯል። ውሃው 2 ሜትር ላይ ተገኝቷል። ፋክተር ኦፍ ሴፍቲው (አሸዋው የሚችለው መንቀጥቀጡ ለሚጠይቀው ሲካፈል) 1.12 ወጣ። ሪፖርቱ «ከ1 በላይ ስለሆነ የሊክዊፋክሽን ስጋት የለም» ብሎ ዘጋው፤ ውሃ የጠገበ አሸዋ ሲናወጥ ላልቶ እንደ ፈሳሽ አይሆንም ማለቱ ነው።

ከወራት በኋላ ሌላ ድርጅት ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ሦስት ቦታ ሲፒቲ (ሹል ኮን ወደ መሬት እየተገፋ የሚደረግ ምርመራ) ሠራ። እዚያው አጠገብ፣ እዚያው ጥልቀት ላይ ውጤቱ 0.8 አካባቢ ነው። አለቃዬን ስጠይቃቸው «አንደኛው ተፈርሞ ገብቷል፣ ሁለተኛውን ማን ጠየቀው?» አሉኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

የትኛውን ልመን? ደግሞ ሪፖርቱ የላይኛውን 5 ሜትር ጭራሽ አላሰላውም። «ጠጠር ነው፣ ጠጠር አይፈስም» ይላል። ልክ ነው? በመጨረሻም፣ እንበልና አሸዋው ፈሰሰ። ክሬኑ ቢያንስ ግማሹ ፓይል ላይ ስለሆነ ያን ያህል ያስፈራል?

---

ኮን_10

ሲፒቲ። አለቀ። ኤስፒቲ የሚለካው የቆፋሪውን ጉልበት ነው። ሲፒቲ በሴኮንድ 2 ሴንቲሜትር እየወረደ በየጥቂት ሴንቲሜትሩ ያነብልሻል። ኤስፒቲ በ1 ሜትር ተኩል አንድ ቁጥር ነው፣ መሃሉን ሁሉ እየገመትሽ ነው የምትሞዪው። የመጀመሪያውን ሪፖርት መሳቢያ ውስጥ ክተቺው።

---

የመዶሻ_ድምፅ

ኮን፣ ቀስ በል። ሲፒቲ ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን አፈር አያወጣም። ያ «ደለል» የተባለው ነገር ምን እንደሆነ በእጅህ ሳታሸው ከግራፍ ላይ ትወስናለህ? ደግሞ ስስ ድርብርብ ላይ ኮኑ ከላይና ከታች ያለውን እያዳመጠ አማካዩን ይነግርሃል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

እህቴ፣ ሪፖርቶቹን ከማፋለምሽ በፊት ያቺን 15 ጠይቂያት። ከየት መጣች?

ከሃያ ዓመት በላይ ቁፋሮ ማሽን አጠገብ ቆሜያለሁ። ኤስፒቲ ማለት 63.5 ኪሎ መዶሻ ከ76 ሴንቲሜትር እየወደቀ፣ የመጨረሻዋ 30 ሴንቲሜትር ስንት ምት እንደፈጀች መቁጠር ነው። በወረቀት ላይ። በሜዳ ግን ገመዱ እርጥብ ነው፣ ፑሊው ዝጓል፣ ልጁ ከምሳ በኋላ ደክሞታል። ከመዶሻው ጉልበት ዘንጉ ጫፍ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው። ሰንጠረዦቹ ሁሉ የተሠሩት 60 በመቶ ይደርሳል በሚል ነው። አንዳንዱ አውቶማቲክ መዶሻ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ያደርሳል። በገመድ የሚጎተተው፣ መሃሉ ቀዳዳ የሆነው ድቡልቡል መዶሻ ግን 45 በመቶ አካባቢ ሊቀር ይችላል። ደካማ ምት ከሆነ ምቱ ይበዛል። ምቱ ሲበዛ አሸዋው ጠንካራ ይመስላል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው።

አሁን በራስሽ ቁጥር እናስላው። ዘንግ፣ የጉድጓድ ስፋት፣ ደቃቅ አፈር የመሳሰለውን ማስተካከያ ለጊዜው ልተወው፣ ነገሩ እንዲታይ ብቻ።

በ6 ሜትር፣ አፈሩ በሜትር ኩብ 19 ኪሎኒውተን ይመዝናል ብንል፣ ጠቅላላ ጫናው 114 ኪሎፓስካል ነው። ውሃው 2 ሜትር ላይ ከሆነ የውሃው ግፊት 39፤ ለአሸዋው የሚቀረው 75። መንቀጥቀጡ የሚጠይቀው እንግዲህ 0.65 × 0.25 × (114 ÷ 75) × 0.954 ነው፤ 0.236 ይሆናል። ይህ ሲድና ኢድሪስ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ቀላሉ ዘዴ ነው። የመጨረሻዋ 0.954 ንዝረቱ ወደ ታች ሲወርድ የሚቀንሰውን ትይዛለች።

አሸዋው የሚከፍለውስ? 15ቱ በጥልቀቱ ጫና ሲስተካከል 17 ገደማ ይሆናል። ከሰንጠረዡ 0.184 ታገኛለሽ፣ ለ7.5 መጠን። መንቀጥቀጥሽ 6.5 ስለሆነ፣ ንዝረቱም አጭር ስለሚሆን፣ በ1.44 ታበዣለሽ። 0.265። ለ0.236 ሲካፈል 1.12። የሪፖርትሽ ቁጥር ይኸው። ሂሳቡ ስህተት የለውም።

አሁን መዶሻው 60 ሳይሆን 45 በመቶ ነበር እንበል። 15 ምት ወደ 11 ይወርዳል። በጫና ሲስተካከል 13። ከሰንጠረዡ 0.14። ፋክተር ኦፍ ሴፍቲ 0.86። ጉድጓዱ ያው፣ አሸዋው ያው፣ ከ«ስጋት የለም» ወደ «ይፈሳል» ዞርን። የሲፒቲሽ 0.8 አሁን ያን ያህል እንግዳ ነው?

አልጨረስኩም። ውሃው 2 ሜትር ላይ የተገኘው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ባሕር ዳር ነው ያለሽው። ባሕሩ ሲሞላ ከግንቡ ጀርባ ያለው ውሃም ትንሽ ዘግየት ብሎ ይሞላል። ወደ 1 ሜትር ከወጣ ለአሸዋው የሚቀረው ጫና 65 ኪሎፓስካል ብቻ ነው። መንቀጥቀጡ የሚጠይቀው 0.272 ይሆናል። 0.86ሽ 0.74 ሆነች። ልብ በዪ፣ ምቱን ስታስተካክዪ የምትጠቀሚው ቁፋሮው ዕለት የነበረውን ውሃ ነው። መንቀጥቀጡን ስታሰዪ ግን ዲዛይን የምታደርጊበትን ውሃ ነው። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ሪፖርት ስንት አይቻለሁ።

ግን ደግሞ ፍርደ ገምድል እንዳንሆን። ኤን ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ አይዋሽም። አንድ ባሕር ዳር የሠራሁት ሥራ አለ፣ ገና ወጣት ሳለሁ። ቆፋሪው ዘንጉን ፈጠን አድርጎ ሳበው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ከውጭው ውሃ በታች ወረደ። አሸዋው ከሥር ሽቅብ ገባ፣ ኬሲንጉ (የጉድጓዱ መደገፊያ ቱቦ) ውስጥ ግማሽ ሜትር ሞላ። እኔ ቆሜ እያየሁ ነው፣ ግን አልገባኝም። ተቆጠረ፤ 4። «በጣም ልል» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። በኋላ አጠገቡ ጉድጓዱ ጢም ብሎ በጭቃ ውሃ እየተሞላ ሲቆፈር 14 ወጣ። ያንን ገጽ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ፣ ራሴን ማመስገን ሲያምረኝ አየዋለሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር ፈልጊ። መዶሻው ምን ዓይነት ነበር፣ ጉልበቱስ ተለክቷል? ጉድጓዱ በውሃ ነው የተቆፈረ ወይስ በጭቃ? ውሃው የተለካው በየትኛው ቀንና ሰዓት ነው?

---

ጨው_በአሸዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሜዳ መዝገቡን አስወጣሁት። የሪፖርቱ ማብራሪያ ላይ ምንም የለም፤ የዕለት ቅጹ ላይ ግን በእጅ ጽሑፍ «ድቡልቡል መዶሻ፣ ገመድ» ይላል። ጉልበት አልተለካም፣ 60 በመቶ ዝም ብሎ ተወስዷል። በጭቃ ነው የተቆፈረው፣ እሱ ጥሩ ነው። ውሃው ጠዋት ተለክቷል። የዚያን ዕለት የባሕር ሰንጠረዥ አየሁ። ባሕሩ ጎድሎ የነበረበት ሰዓት ነው።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆን እዚያው ቆሜ አይቼ አውቃለሁ፣ ውሃው ግንቡ ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ይወጣል። ታዲያ የዓመቱን ትልቁን ሙላት ነው መውሰድ ያለብኝ?

---

የመዶሻ_ድምፅ

አይ፣ እሱም ይበዛል። በብዙ መቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ መንቀጥቀጥና በዓመት ለጥቂት ሰዓት የሚመጣ ሙላት በአንድ ደቂቃ ይገናኛሉ ብለሽ መዋቅር አትሠሪም። የሙላቶቹን አማካይ ውሰጂ። ከሰንጠረዥም አትውሰጂ፣ መሬቱ ውስጥ ለኪው። ከግንቡ በራቅሽ ቁጥር መሙላትና መጉደሉ ይቀንሳል።

---

ግንብና_ሐዲድ

ስለ ቁጥሩ ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ጠጠሩና ስለ ግንቡ ልግባ፣ እንጀራዬ እሱ ስለሆነ።

«ጠጠር አይፈስም» የሚለው ነገር ጃፓን ውስጥ ኮቤ ላይ ከሆነው በኋላ መቅረት ነበረበት። ጥር 1995 (እ.ኤ.አ.) መጠኑ 6.9 የሆነ መንቀጥቀጥ የኮቤን ወደብ መታው። ፖርት አይላንድና ሮኮ አይላንድ የሚባሉት ሰው ሠራሽ ደሴቶች ከተሞሉበት አፈር ብዙው የተፈረፈረ ግራናይት ነበር። በውስጡ ብዙ ጠጠር አለ። ፈሰሰ። አስፋልቱ በአሸዋና በጭቃ ተሸፈነ። በ2016 ደግሞ መጠኑ 7.8 የሆነው የኒውዚላንዱ የካይኩራ መንቀጥቀጥ በዌሊንግተን ወደብ የተሞላውን ጠጠራማ መሬት አፈሰሰው፤ ሙሌቱ ወደ ባሕር ተንሸራተተ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠጠር ለጠጠር ተነካክቶ ከቆመ፣ መሃሉም ባዶ ከሆነ፣ ውሃው ሹልክ ብሎ ይወጣል፣ ግፊት አይጠራቀምም። ባሕር ሲሞላ ግን ጠጠሩ ከነአሸዋው ከነደለሉ ነው የሚገለበጠው። አሸዋው ክፍተቱን ከሞላ ጠጠሩ ሾርባ ውስጥ እንዳለ ድንች ነው፤ ሾርባው ሲናወጥ ድንቹ ምንም አይከላከልም። ከላይ ደግሞ አስፋልት ተደፍቶበታል፣ ውሃው መውጫ የለውም።

መለካቱ ግን ያስቸግራል። ኤስፒቲ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ኤኑ ይዘላል፣ የሲፒቲ ኮንም ይገታል። እዚያ ላይ ኮን_10 ይቅር ይበለኝ፣ ኮኑ ይሰበርብሃል። የሸር ሞገድ (መሬቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚያልፍ ሞገድ) ፍጥነት መለካት ይሻላል፣ ድንጋይ አያታልለውም። ጎን ለጎን አንድ ሁለት ጉድጓድ በቆፋሪ ማሽን አስከፍተሽ ወንፊት ላይ አስቀምጪው። ጠጠሩ ተነካክቷል ወይስ ተንሳፍፏል፣ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

ስለ ክሬኑ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። «ግማሹ ፓይል ላይ ነው» ማለት ከሁሉ የከፋው ነው። ኮቤ ላይ እንዲህ ያሉ የሳጥን ግንቦች እስከ 5 ሜትር ወደ ባሕር ሄደዋል፤ ከ1 እስከ 2 ሜትር ሰምጠዋል፤ 4 ዲግሪ ያህል ያዘነበሉ ነበሩ። ሳጥኖቹ አልተሰበሩም፣ ኮንክሪቱ ደህና ነበር። ከሥራቸው ሸክላው ተነሥቶ የተተካው አሸዋ ላላ፣ ከጀርባቸው ያለው ሙሌት ገፋቸው። የባሕር ወገኑ ሐዲድ ከግንቡ ጋር ሲሄድ የየብሱ ቀረ። የክሬኑ እግሮች ተራርቀው ተጣመሙ። ያንቺም ሐዲድ እንደዚያው ነው የተሠራው።

ስለዚህ 1.12ም ሆነ 0.74 ለግንቡ በቂ መልስ አይደለም። ያ ቁጥር የሚነግርሽ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ፣ አንድ ነጥብ ላይ፣ አሸዋው ይላላል ወይስ አይላላም የሚለውን ብቻ ነው። ወደቡ ሜዳ አይደለም። አንድ ጎኑ ክፍት ነው፣ ከፊቱ ባሕር ነው። የላላ አሸዋ ወደ ክፍቱ ይሄዳል። ሜዳው መሃል ላይ የላላ አሸዋ ኮንቴይነር ያሰምጣል፣ ይጠገናል። ግንቡ ሥርና ጀርባው ላይ የላላ አሸዋ ወደብ ይዘጋል። በ2010 መንቀጥቀጥ በሃይቲ ፖርቶፕሪንስ ላይ ዋናው ማራገፊያ ወደ ባሕር ሲናድ እርዳታ የጫኑ መርከቦች የሚያራግፉበት አጥተዋል።

አለቃሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ ከመንቀጥቀጡ በኋላ ግንቡ ስንት ሴንቲሜትር ቢሄድ እንችለዋለን? 10? 30? ያንን ቁጥር ሳይዙ ማንም ሪፖርት «ስጋት የለም» ሊል አይችልም።

---

ኮን_10

እሺ፣ ድንጋዩን ተቀብያለሁ 😅 ኮን ሰብሬ አውቃለሁ፣ ዋጋው ከደሞዜ ነው የተቆረጠው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደለሉን «ደቃቅ ነው፣ አይፈስም» ብለው እንዳይዘሉት። ድሮ የሸክላው መጠን ከ15 በመቶ ካለፈ ደህና ነው ይባል ነበር፤ ቱርክ አዳፓዛሪ ላይ በ1999 የሆነው ያንን ሐሳብ አፈረሰው። ዛሬ የሚታየው ፕላስቲሲቲው (አፈሩ ሲርስ እንደ ሊጥ የሚሆንበት መጠን) ነው። ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ ከ12 በታች ሆኖ፣ የያዘው ውሃ ከሊኩዊድ ሊሚቱ (ከሊጥነት ወደ ፈሳሽነት ከሚያልፍበት የውሃ መጠን) 85 በመቶ በላይ ከሆነ ተጠርጣሪ ነው። ናሙናውን ላቦራቶሪ ላኪው፣ ርካሽ ምርመራ ነው።

---

የመዶሻ_ድምፅ

ኮን ዛሬ ናሙና አስወስድ አለ። ቀኑን መዝግቡልኝ።

ግንብና ሐዲድ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ምርመራው አቀማመጥ ብቻ። ጉድጓዶችሽን ሜዳው ላይ እንደ ቼዝ ሰሌዳ አትበትኛቸው። ከግንቡ ጀምረሽ ወደ የብስ ቀጥ ብለሽ ሂጂ። ከግንቡ ጀርባ ወዲያው አንድ፣ ከዚያ 15 ሜትር ላይ፣ 30 ላይ፣ 60 ላይ። ሁለት እንደዚህ ያለ መስመር ካገኘሽ ልል አሸዋው ወደ ባሕር እያዘነበለ ነው ወይስ እየሳሳ ነው፣ ታዪዋለሽ። የሚንሸራተተው ነገር ስፋቱ የሚገባሽ እንደዚያ ነው። ከቻልሽ ከግንቡ ሥር ያለውንም አግኚው፣ ሳጥኑን ሰርስሮ መውረድ ቢሆንም። የድሮ ሥዕል ካለ ፈልጊ፤ ከሥሩ ሸክላ ተነሥቶ አሸዋ ገብቶ እንደሆነ እዚያ ላይ ይኖራል።

ደግሞ መፍትሔ ላይ አትቸኩዪ። አንዱ መጥቶ «ነዝረን እንጠቅጥቀው» ይልሻል። ሜዳው መሃል ላይ ጥሩ ነው፤ ኮቤም ላይ ቀድሞ የተጠቀጠቀው መሬት ከሌላው ያነሰ ነው የሰመጠው። ቆሞ ካለ ግንብ ጀርባ ግን ንዝረቱ ራሱ ግንቡን ይገፋዋል። እዚያ ጋ አፈሩን ከሲሚንቶ ጋር መሬት ውስጥ ማቡካት ይሻላል። ውድ ነው፣ ግን ግንብሽ ባለበት ይቆያል።

---

ጨው_በአሸዋ

ዛሬ አለቃዬ ጋ ገባሁ። ሪፖርቱን «ስህተት ነው» አላልኩም፣ ሂሳቡ ልክ ነውና። ያንን የእጅ ጽሑፍ ገጽ ብቻ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁና «ይህ መዶሻ 45 በመቶ ቢሆንስ?» አልኩ። 0.86ን አሳየኋቸው። ከዚያ የባሕር ሰንጠረዡን፣ 0.74ን። ዝም አሉ። ከዚያ ግንቡ ስንት ሴንቲሜትር ቢሄድ እንደሚችሉት ጠየቅኋቸው። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። ስልክ አንሥተው የክሬኑን አምራች ጠየቁ። የሐዲዱ ርቀት ሊለወጥ የሚችለው በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው ተባሉ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ነው ፊታቸው የተለወጠው።

ፈቅደዋል። ሁለት የሲፒቲ መስመር ከግንቡ ወደ የብስ፣ ጠጠሩ ላይ የሸር ሞገድ፣ ሁለት ክፍት ጉድጓድ፣ አጠገቡ አዲስ ኤስፒቲ ጉልበቱ እየተለካ። የውሃ መመዝገቢያም ሦስት ቦታ እናስገባለን፣ ለአንድ ወር።

ጋሼ፣ አንድ ወር ይበቃል?

---

የመዶሻ_ድምፅ

ለባሕሩ ይበቃል፣ ትልቁ ሙላት በሁለት ሳምንት አንዴ ስለሚመጣ ሁለቴ ታገኚዋለሽ። በየ15 ደቂቃው እንዲመዘግብ አድርጊው። የጉድጓዱን አፍ ክደኚው፣ የዝናብ ውሃ ገብቶ እንዳያታልልሽ። እና አዲሱ ኤስፒቲ ሲጀመር ራስሽ እዚያ ቁሚ። ዘንጉ ሲሳብ ዓይንሽ መዶሻው ላይ አይሁን፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለው ጭቃ ይወርዳል ወይስ ባለበት ነው፣ እሱን እዪ።